ንጉሡን ከቬርሳይ ያወጡት ሴቶች

የፈረንሳይ አብዮት ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን ባስቲል ነው። ጁላይ 14 ቀን 1789 የፓሪስ ሕዝብ ምሽጉን ሰበረ፤ ቀኑ ዛሬም ድረስ ብሔራዊ በዓል ነው። (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ባስቲል ሲወድቅ እዚያ ውስጥ የተገኙት እስረኞች ሰባት ብቻ ነበሩ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ቬርሳይ ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ ሦስት ወር ገደማ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ አደኑን እያደነ፣ ብሔራዊ ጉባኤው ያጸደቀውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ዛሬ ነገ እያለ ሲያጓትት ቆይቷል። ታዲያ ከዚያ ጎትቶ ያወጣው ማን ነው? ጦር አይደለም፤ የጉባኤው ጠበቆችም አይደሉም። ዓሣ የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ ወረፋ ይዘው የሚውሉ ሴቶች ናቸው።

ነገሩ ከዳቦ ይጀምራል። በዚያ ዘመን የፓሪስ ሠራተኛ ቤተሰብ በዳቦ ነው የሚኖረው፤ ሌላው ሁሉ ማጣፈጫ ነው። ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዳቦ በደህና ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሱ ያወጣ ነበር፤ ሱ የዘመኑ ሳንቲም ነው። የቀን ሠራተኛ በቀን ከ20 እስከ 30 ሱ ያገኛል። በጁላይ 1788 የወረደው በረዶ ማሳውን አወደመው፤ ቀጥሎ የመጣው ብርድ ደግሞ ወንዝ የሚያረጋ ነበር። በ1789 መጀመሪያ ያው ዳቦ አሥራ አራት ሱ ተኩል ገባ። አስሉት እንግዲህ፦ ከቀን ደሞዝ ግማሹ፣ ሲብስም ከሁለት ሦስተኛው በላይ ለአንድ ዳቦ ይሄዳል። የቤት ኪራዩስ? ማገዶውስ?

ወረፋውን የምትይዘው ሴቲቱ ናት። ዋጋ ሲጨምር ቀድማ የምታውቀው እሷ፣ ባዶ እጇን ስትመለስ የልጆቿን ዓይን የምታየውም እሷ ናት። (በነገራችን ላይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ዳቦ ያጡት ኬክ ይብሉ ብላለች የሚባለውን እርሱት። ፈላስፋው ሩሶ ይህንን ንግግር ስሟን ሳይጠቅስ ለአንዲት ልዕልት ሰጥቶ ሲጽፈው ማሪ አንቷኔት ገና ቪየና ያለች ልጅ ነበረች። ሌላ ጥፋት አይጠፋባትም፤ ይኼኛው ግን የእሷ አይደለም።)

ኦክቶበር 5 ቀን ጠዋት በገበያው ሰፈር አንዲት ሴት ከበሮ መደለቅ ጀመረች፤ የቤተ ክርስቲያን ደወልም ተደወለ። ከሌ ዓል ገበያና ከሠራተኞቹ ሰፈር ከሴንት አንቷን የተሰበሰቡት ሴቶች መጀመሪያ ያመሩት ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሰብረው ገቡ፤ ያገኙትን መሣሪያ ያዙ፤ መድፍም ጎተቱ። በባስቲል ዕለት ስም ያወጣው ማያር የተባለ ሰው ከፊት ከፊታቸው ከበሮ እየመታ መራቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዝናብና በጭቃ ተያያዙት። ማታ ሲቃረብ ቬርሳይ ደረሱ። ንጉሡ አደን ላይ ነበር፤ በፈረስ ተጠርቶ መጣ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እንደበሰበሱ ወደ ብሔራዊ ጉባኤው አዳራሽ ገቡና ከተወካዮቹ መካከል ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ንግግር ሲረዝምባቸው ይጮኻሉ፤ ስለ ዳቦ ንገሩን ይላሉ። ከዚያ የጉባኤው ፕሬዚዳንት ሙኒዬ ጥቂቶቹን ይዞ ወደ ንጉሡ ሄደ። ቃል አቀባይ ሆና የተመረጠችው የ17 ዓመቷ ሉዊዞን ሻብሪ ንጉሡ ፊት ቆማ ዳቦ የምትለውን ቃል ከተናገረች በኋላ ራሷን ስታ ወደቀች። ንጉሡ በደግነት አነጋገራት፤ እህል ወደ ፓሪስ ይሄዳል ብሎ ቃል ገባ። ደስ ብሏት ስትወጣ ግን ውጭ የቀሩት ሴቶች ጉቦ በልተሻል ብለው ሊያንቋት ነበር። የንጉሥ ቃል አልበቃቸውም። ተመለሺና በጽሑፍ አምጪ አሏት፤ ተመልሳ የተፈረመ ወረቀት ይዛ መጣች። ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ናቸው እንግዲህ፤ ፊርማ ምን እንደሆነ ግን አሳምረው ያውቃሉ።

በዚያው ምሽት ሉዊ የመብቶቹን መግለጫ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀበለ። ለሳምንታት የጉባኤው ሊቃውንት ያላገኙትን ሴቶቹ በአንድ ማታ አገኙት ማለት ነው።

እኩለ ሌሊት ገደማ አዛዡ ላፋዬት የብሔራዊ ዘቡን ሠራዊት አስከትሎ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ግን ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፤ ሁለት የንጉሡ ጠባቂዎች ተገድለው ጭንቅላታቸው በጦር ጫፍ ላይ ተሰካ። ይህን አልደብቃችሁም፤ ሰልፉ የዳቦ ብቻ ሳይሆን የደምም ነበር። ንግሥቲቱ በውስጥ መተላለፊያ ሮጣ ነው ያመለጠችው። ከሰዓት በኋላ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱና ልጆቻቸው በሠረገላ ሆነው፣ የዱቄት ጋሪዎች አጅበዋቸው፣ ሴቶቹ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሚስቱንና ልጁን ይዘን መጣን እያሉ ወደ ፓሪስ ተጓዙ። ቬርሳይ ከ1682 ጀምሮ የፈረንሳይ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። ሉዊ ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ አልኖረበትም።

ለምን ሴቶች? አንደኛው ምክንያት ወታደር በሴት ላይ መተኮስ ይከብደዋል የሚለው ግምት ነው። ሌላው ግን ብዙም አይነገርም። የፓሪስ የገበያ ሴቶች ከድሮ ጀምሮ ንጉሡ ዘንድ የመግባት ልማድ ነበራቸው። አልጋ ወራሽ ሲወለድ፣ በዓል ሲሆን፣ ወክለው ገብተው እንኳን ደስ ያለህ ይሉ ነበር። ስለዚህ ወደ ቬርሳይ መሄድ ለእነሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በሩን ያውቁታል። በዚህኛው ጊዜ ግን የሄዱት ለምርቃት አይደለም።

ታዲያ ይህን ያደረጉ ሴቶች ምን ተከፈላቸው? ምስጋና። በዚያው 1789 መገባደጃ ላይ ጉባኤው የመምረጥ መብት ያለው ዜጋ ማን እንደሆነ ሲደነግግ ዕድሜው 25 የሞላ፣ የሦስት ቀን ደሞዝ የሚያህል ግብር የሚከፍል ወንድ አለ። ድኻው ወንድ ቀረ፤ ሴቷ ደግሞ ሀብታምም ሆነች ድኻ ጭራሽ አልተቆጠረችም። ከወንዶቹ ውስጥ ይህን በግልጽ የተቃወመ ትልቅ ሰው የሒሳብ ሊቁ ኮንዶርሴ ነው። በ1790 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሴት ትወልዳለች፣ ትታመማለች ተብሎ መብት ከተነፈገች በየክረምቱ ሪህ የሚጥለው ወንድስ ለምን አይከለከልም ብሎ ተሳለቀ። የሰማው አልነበረም።

ቀጥላ የመጣችው ኦላምፕ ደ ጉዥ ናት። በ1748 በደቡብ ፈረንሳይ ሞንቶባን ከተማ ተወልዳ በሥጋ ሻጭ ቤት ያደገች፣ በልጅነቷ ተድራ ቶሎ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለተኛ አላገባም ብላ ፓሪስ ገባች፤ ስሟን ራሷ አወጣች፤ ተውኔት ጻፈች። የባርነትን ግፍ የሚያሳየው ተውኔቷ በ1789 መጨረሻ በታላቁ ቴያትር ቤት ሲታይ በባሪያ ጉልበት የከበሩት ባለ ርስቶች ረብሻ አስነሱበት። በሴፕቴምበር 1791 የወንዶቹን የመብት መግለጫ አንቀጽ በአንቀጽ ተከትላ፣ አሥራ ሰባቱንም አንቀጽ ለሴቶች አድርጋ ጻፈችው። በዚያ ውስጥ ያለው አንድ ክርክሯ ማንም የሚረዳው ነው፦ ሴት አጥፍታ ስትገኝ መሰቀያው ላይ የምትወጣ ከሆነ ንግግር ማድረጊያው ሰገነት ላይም ልትወጣ ይገባታል። ሕጉ ሲቀጣት ሰው አድርጎ ይቆጥራታል፤ ስትናገር ግን ሴት ነሽ ይላታል።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ኦላምፕን ዛሬ ሁሉም ያነሳታል፤ በዘመኗ ግን ያነበባት ጥቂት ነው። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ከእሷ ሐሳብ የተነሡ አይደሉም። የእነሱ ፖለቲካ ከሳሙና ነው የሚነሣው። እውነቴን ነው! በ1791 ኦገስት የዛሬዋ ሀይቲ፣ ያኔ ሴን ዶሚንግ የምትባለው ቅኝ ግዛት ውስጥ ባሪያዎች ሲያምፁ የስኳርና የቡና ዋጋ ፓሪስ ላይ ናረ። ጦርነትና የወረቀት ገንዘቡ መርከስ ተጨመረበት። በፌብሩዋሪ 1793 ልብስ አጣቢዎቹ ለጉባኤው አቤት አሉ፤ ድሮ በ14 ሱ የምንገዛው ሳሙና 22 ሱ ገብቷል፣ ሥራችንን ልናቆም ነው አሉ። ቀጠሮ ተሰጣቸው። በማግስቱ ሴቶች ወደየመደብሩ ገብተው ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ሻማውን ራሳቸው ፍትሐዊ ነው ባሉት ዋጋ ከፍለው ወሰዱ። ሁሉም ከፈለ አልልም፤ ግን ብዙዎቹ ከፍለዋል። ዘረፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋ መተመን ምን ያስፈልግ ነበር?

ከዚህ ትኩሳት ውስጥ ነው በሜይ 1793 የሴቶቹ ማኅበር የተወለደው፦ የአብዮታውያት ሪፐብሊካውያት ማኅበር። መሥራቾቹ ሁለት ናቸው። ፖሊን ሌዮን ቸኮሌት ሠሪ ናት፤ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ከሦስት መቶ በላይ ሴቶች የፈረሙበትን አቤቱታ ጉባኤ ፊት አንብባ፣ ፓሪስን የምንጠብቅበት መሣሪያ ስጡን ብላ ነበር። ክሌር ላኮምብ ተዋናይ ናት፤ የንጉሡ የፓሪስ መኖሪያ የነበረው ቱይለሪ ቤተ መንግሥት በተወረረበት በኦገስት 1792 ዘምታ የቆሰለች። የአባሎቻቸው ቁጥር ሁለት መቶ አይሞላም። ግን የጁን መጀመሪያዋ ግርግር ላይ የጉባኤውን በሮች ጠብቀው ዢሮንዳውያን የሚባሉት ለዘብተኛ ተወካዮች እንዲባረሩ ረድተዋል። ያኔ የዢሮንዳውያኑ ተቀናቃኞች፣ ጃኮቢኖቹ፣ ለሴቶቹ አጨበጨቡላቸው።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል ልግባ፤ ይህን ታሪክ ቀላል የወንድና የሴት ጠብ አድርጎ መንገር የማይቻለው እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ኮካርድ እንዲያደርጉ ጠየቀ፤ ኮካርድ ማለት ባለ ሦስት ቀለሙ የሪባን ጌጥ ነው። በሴፕቴምበር 1793 ሕግ ሆነላቸው። ብዙም ሳይቆይ የእህሉና የሸቀጡ ዋጋ በሕግ ተወሰነ፤ ይህም የእነ ሌዮን ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ሌ ዓል ላይ የምትቸረችረዋ ሴት ዋጋ ሲወሰንባት ትከስራለች! ገዢዋም ሴት፣ ሻጭዋም ሴት። ጥያቄው የመብት ሳይሆን የኪስ ሆነ። በኦክቶበር መጨረሻ ማኅበርተኞቹ በስብሰባቸው ላይ ሳሉ የገበያ ሴቶች ገብተው ደበደቧቸው። በማግስቱም የገበያዎቹ ሴቶች ጉባኤው ፊት ቀርበው፣ ቀይ ቆብ አድርጉ እያሉ አስጨነቁን አሉ። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ቬርሳይ በዘመተው ገበያ ውስጥ የሚነግዱ ሴቶች ናቸው እንግዲህ።

ጉባኤው የጠበቀው አጋጣሚ ነበር። ፋብር ዴግላንቲን የተባለው ተወካይ ተነሥቶ፣ ዛሬ ኮካርድ አሉ፣ ነገ ቆብ ይላሉ፣ ከዚያ ቀበቶ ከነሽጉጡ ይጠይቃሉ ብሎ አስፈራራ። ኦክቶበር 30 ቀን አማር የተባለው ሪፖርት አቅራቢ ሴት በተፈጥሮዋ ለመንግሥት ጉዳይ የሚበቃ ጽናት የላትም፣ ቦታዋ ቤቷ ነው የሚል ዘገባ አነበበ። የሴቶች ማኅበር ሁሉ ይዘጋ ተባለ፤ የፓሪሱ ብቻ ሳይሆን የዲዦኑም የቦርዶውም። ከመላው ጉባኤ አንድ ሻርሊዬ የሚባል ተወካይ ብቻ ተነሥቶ፣ ሴቶች የሰው ዘር አይደሉም ካላላችሁ በቀር በሰላም የመሰብሰብ መብታቸውን በምን ትነጥቋቸዋላችሁ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሚሆን መልስ አላገኘም።

በዚያው ሰሞን ጊሎቲኑ ሦስት ስመ ጥር ሴቶችን በላ። ንግሥቲቱ ኦክቶበር 16፣ ኦላምፕ ደ ጉዥ ኖቬምበር 3፣ በባሏ ሚኒስትርነት ዘመን ከመጋረጃ ጀርባ ፖለቲካውን ትመራለች የተባለችው ማዳም ሮላን ኖቬምበር 8። ኦላምፕ የታሰረችው ሕዝቡ የመንግሥቱን ዓይነት በድምፁ ይምረጥ የሚል ፖስተር በማዘጋጀቷ ነው። ጋዜጦቹ ሦስቱን ጠቅልለው ለሌሎች ሴቶች መቀጣጫ አደረጓቸው፤ ዘውድ የጫነችዋን፣ ዘውዱን የምትጠላዋንና የባርነትን ግፍ በመድረክ ያሳየችዋን በአንድ ከረጢት። ኦላምፕ ሰገነቱን ከለከሏት፤ መሰቀያውን ግን አልነፈጓትም።

ከአብዮቱ ጋር ያልቆሙትንም ሴቶች ልርሳቸው አልፈልግም። ካህናት ለአዲሱ ሕግ እንዲምሉ ሲታዘዙ ግማሽ ያህሉ እምቢ አሉ። እነዚህን ካህናት ጓዳ ውስጥ የደበቀች፣ ልጇን በድብቅ ያስጠመቀች፣ የማለው ቄስ ሲመጣ በሩን የዘጋችበት የገጠር ሴት ናት። በጁላይ 1794 ከኮምፒዬኝ የመጡ አሥራ ስድስት የቀርሜሎስ ገዳም ሴቶች በአንድ ቀን አንገታቸው ተቀላ። በ1795 አምልኮ ሲፈቀድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ አምጡ ብለው ሹማምንቱን ያስጨነቁት ሴቶች ናቸው። አብዮተኞቹ አላዋቂ አሏቸው። እኔ ግን ከሳሙና ሰልፈኞቹ ብዙም አይለዩብኝም፤ ሁለቱም የቤታቸውን ነገር ማንም ሳያማክራቸው ሲቀየር እምቢ ያሉ ናቸው።

አሁን ደግሞ የማይወራለት ድል አለ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1792 የዚያን ጊዜው ጉባኤ ለአዲሱ ቦታውን ሊለቅ በመጨረሻ ቀኑ ላይ ፍቺን ፈቀደ። በስምምነት መፋታት ይቻላል፤ ጠባያችን አልገጠመም ብሎ አንዱ ወገን ብቻም ሊጠይቅ ይችላል፤ ድብደባ፣ ሁለት ዓመት ጥሎ መጥፋት፣ አምስት ዓመት ወሬው አለመሰማት በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ጋብቻ እስከ ሞት ነበር። እንደ ሊዮንና ሩዋን ባሉ ከተሞች አንዱ ወገን ብቻ ከጠየቃቸው ፍቺዎች አብዛኞቹን ያቀረቡት ሚስቶች ናቸው። ክለብ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ የመብት መግለጫ ያላነበበች ሴት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ከሚደበድባት ባል ተላቀቀች።

ውርሱም እንዲሁ ነው። ኖርማንዲ ውስጥ ወንድም ካላት ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ይህ ነው የሚባል ድርሻ አልነበራትም። ከ1791 እስከ 1794 የወጡት ሕጎች ልጆችን ሁሉ እኩል አደረጉ፤ የ1794ቱ እንዲያውም ወደ ኋላ ተመልሶ ከጁላይ 14 ቀን 1789 ጀምሮ የተከፈለውን ውርስ እንደገና ይከፈል አለ። እህት ወንድሟን ከሰሰች፤ ቤተሰብ ተናጋ፤ ሴቶች በስማቸው እየፈረሙ ለጉባኤው ደብዳቤ ጻፉ። ሕጉ ወደ ኋላ መሥራቱ በ1795 ተሰረዘ፤ እኩልነቱ ግን ጸና። በእኔ ፍርድ አብዮቱ ለሴቶች ያደረገው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ሰገነት ላይ ያልሰጣቸውን በየቤታቸው ሰጣቸው።

መጨረሻው እንደ መጀመሪያው በዳቦ ነው የመጣው። የዋጋ ጣሪያው በ1794 መጨረሻ ሲነሣ ፓሪስ ተራበች፤ በ1795 ጸደይ የዳቦ ራሽኑ ለአንድ ሰው በቀን ስልሳ ግራም ያህል የወረደበት ቀን ነበር። ሜይ 20 ቀን ሴቶች ዳቦና የ1793ቱ ሕገ መንግሥት እያሉ የጉባኤውን አዳራሽ ሰብረው ገቡ። (ፈረንሳዮቹ ቀኑን ፕሬርያል 1 ይሉታል። አብዮተኞቹ አዲስ የዘመን አቆጣጠር አውጥተው ነበር፤ አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወሮች፣ ትርፉ አምስት ወይም ስድስት ቀን፣ አዲስ ዓመቱም በሴፕቴምበር። ጳጉሜን ለለመደ ሰው ምንም አይከብድም!) ፌሮ የተባለ ተወካይ ተገደለ፤ ጭንቅላቱም ለሰብሳቢው ታየ። ሠራዊት መጣና አዳራሹ ጸዳ። ከሦስት ቀን በኋላ የወጣው ድንጋጌ ሴቶች ሁሉ ወደየቤታቸው እንዲገቡ፣ ከአምስት በላይ ሆነው መንገድ ላይ የተገኙ እንዲታሰሩ አዘዘ። በ1789 ሺዎች ሆነው ንጉሥ ያመጡት፣ በ1795 ስድስት ሆነው መቆም ተከለከሉ።

ናፖሊዮን በ1804 ባወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ ግዴታ ሆነ። ፍቺው ጠበበ፤ በ1816 ጭራሽ ቀረ፤ የተመለሰው በ1884 ነው። ማኅበሩ ከተዘጋ በኋላ ታስራ የነበረችው ላኮምብ ስትፈታ ወደ ቴያትሯ ተመልሳ ነበር። የፈረንሳይ ሴት የመምረጥ መብት ያገኘችው ኤፕሪል 21 ቀን 1944 በወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ ድምፅ የሰጠችው በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 29 ቀን በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነው። ያገባች ሴት ደግሞ ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ ለመያዝና በስሟ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት እስከ 1965 ጠብቃለች።